ሙሽራዋ ተጠርታለች

መልእክቱ ሲገባ የፌኔት ፀጉር ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ገና ነበር።

ጥር ነው። ቡራዩ በሰርግ መኪና ጥሩንባ የምትደነቁርበት ሰሞን። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ድምፅ ማጉያ የሚፈትሽ ልጅ «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ ጎረቤቱን ያውካል። ፌኔት ጓዳ ውስጥ መስታወት ፊት ተቀምጣ ጭንቅላቷን ለፀጉር ሠሪዋ አስረክባለች። ጓደኛዋ ገለቴ አጠገቧ ቆማ፣ የሙሽራዋን ስልክ ይዛ፣ የሚጎርፈውን የእንኳን ደስ ያለሽ መልእክት ጮክ ብላ ታነብላታለች።

«ይሄኛው ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ገለቴ። «'የተጠባባቂ ኃይል አባላት በሙሉ፤ ዛሬ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሱሉልታ በሚገኘው መሰብሰቢያ ሜዳ ሪፖርት እንድታደርጉ ታዛችኋል።' ተሳስተው የላኩት ነው መሰለኝ፤ ላጥፋው?»

«እንዳትነኪው!» አለች ፌኔት።

ስልኩን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ለምን እንደተጠሩ አይልም። ለስንት ቀን እንደሆነም አይልም።

ፌኔት ሠራዊት ውስጥ ለዓመታት የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበረች። በአስር አለቃነት ተሰናብታ ቡራዩ ተመለሰችና የመኪና ማሠልጠኛ ውስጥ አስተማሪ ሆነች። ስትሰናበት በተጠባባቂነት ፈርማለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም በየራሱ ይተረጉመዋል። የማሠልጠኛው ባለቤት «የእሁድ ወታደር» ይላታል። ጎረቤቶቿ ጡረታ የሚያስገኝ ነገር ይመስላቸዋል። እሷም ብትሆን ሰው ሲጠይቃት አሳጥራ ነው የምትመልሰው፤ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠርቷት አያውቅም ነበር።

አሁን ግን ልቧ ይመታ ጀመር። ፈርታ እንዳይባል ከንፈሯ ላይ ፈገግታ አለ። ጆሮዋ ውስጥ ያ የሬዲዮ ሹክሹክታ የተመለሰላት መሰላት።

«አባዬን ጥሪልኝ» አለች ገለቴን።

አባቷ ኦቦ ሊቤ ላም እያረቡ ወተት የሚሸጡ፣ የዚያው የቡራዩ ተወላጅ ናቸው። ልጆቻቸው የገዙላቸው አዲስ ሙሉ ልብስ እንደ ድንጋይ ከብዷቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማል ጄዳ?» አሉ ስልኩን እያዩ።

ምን እንደሚል አነበበችላቸው።

«ጦርነት ነው?»

«አይልም አባዬ።»

«የሰርግሽ ቀን መሆኑን ያውቃሉ?»

«አልነገርኳቸውም። ዛሬ ይጠሩኛል ብዬ በምን አውቃለሁ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

ኦቦ ሊቤ ኮሌታቸውን በጣታቸው ላላ አደረጉ። «እኔማ ብሆን መጀመሪያውኑ አልፈርምም። አንቺ ግን ፈርመሻል።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከአስፋልቱ በኩል ጥሩንባው ቀለጠ። ሙሽራው ከሰበታ ደረሰ።

ሙሽራው አማኑ ሰበታ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲደናገጥ ደግሞ ክራባቱን የሚያሽ ልጅ ነው። በደንቡ መሠረት የሴቷ ወገን ልጃገረዶች የግቢውን በር ዘግተው አናስገባም ማለት ጀመሩ፤ የወንዱ ወገን ከውጭ ሆኖ ይለምናል፣ ይዘፍናል፣ ይገፋል። ከሰርገኛው መሃል የአማኑ እናት ወይዘሮ ሙሉዬም አሉ። የሙሽራ እናት ቤቷ ሆና ትቀበላለች እንጂ አጅባ አትሄድም፤ ወይዘሮ ሙሉዬ ግን የሰበታ ገበያ የታወቁ እህል ነጋዴ ናቸውና በሌላ ሰው ርክክብ አያምኑም። «ልጄን ብቻውን አልክም» ብለው መኪናው ውስጥ ገብተው ነው የመጡት።

ዘፈኑ እንደጋለ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። የከፈተችው ሙሽራዋ ራሷ ናት።

ዘፈኑ በአንዴ ቆመ። ፌኔት ነጭ ቬሎዋን ለብሳለች፤ ፀጉሯ በግራ በኩል ተጠቅልሎ ያምራል፣ በቀኝ በኩል በመቆንጠጫ ተይዞ ተንጨብርሯል። ሂል ጫማውን ለማድረግ ጊዜ አላገኘችምና እግሯ ላይ ጥቁር ስኒከር ነው።

«አማኑ፣ ተጠርቻለሁ» አለች።

«ማን ጠራሽ?»

ስልኩን አሳየችው። አነበበና ክራባቱን ያሽ ጀመር። ወይዘሮ ሙሉዬ ስልኩን ከእጁ ቀምተው፣ አርቀው ይዘው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡት።

«ጦርነት ነው!» ብለው ጮኹ። «ልጄ ሳያገባ ሚስቱ ልትዘምት ነው! ጉድ በሉ!»

«እማማ፣ ምን እንደሆነ አልተነገረንም» አለች ፌኔት።

«ቆይ፣ ቆይ። እናንተ ተጠባባቂ ናት አላችሁኝ እንጂ ወታደር ናት መች አላችሁኝ? ተጠባባቂ ማለት የሚቀመጥ ሰው መስሎኝ! ንገሪኝ እስቲ፤ ወታደር ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

«ሳይጠሩኝ አይደለሁም። ሲጠሩኝ ነኝ።»

«ይሄ ምን ዓይነት መልስ ነው? ነኝ ወይም አይደለሁም ነው የሚባለው!»

ልክ በዚህ ጊዜ የፌኔት ስልክ በወይዘሮ ሙሉዬ እጅ ላይ እንዳለ ጮኸ። በዚያው ቅጽበት ሌላ ስልክም ጮኸ፤ ሌላም። ማስታወሻ መልእክት ነበር፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የተላከ። ሰዉ ዞሮ አየ። አንደኛው ድምፅ የወጣው ከአንደኛ ሚዜው ከየህያ ኪስ ነው። ሌላው ደግሞ ቪዲዮ ከሚቀርጸው ከኩምሳ ወገብ ላይ።

የህያ የአማኑ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አብረው ተምረዋል፣ አንድ ሰፈር አድገዋል። ስልኩን ላለማየት ሰማይ ሰማዩን ያይ ጀመር።

«የህያ» አለ አማኑ፤ «አንተም?»

«ወላሂ ልነግርህ ነበር።»

«መቼ?»

«ከሰርጉ በኋላ። ከጠዋት ጀምሮ አይቼዋለሁ። ሚዜ ሆኜ እንዴት ጥዬህ እሄዳለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞ ሙሽራዋ ራሷ እንዳላየች ስትሆን…»

«እኔማ አሁን ነው ያየሁት!» አለች ፌኔት። ሳቋ አመለጣት። «አንተ የትኛው ክፍል ነበርክ?»

«መድፈኛ።»

ኩምሳም ካሜራውን ከትከሻው አወረደ። «እኔ እግረኛ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ፤ «የተከፈለኝን እመልሳለሁ።»

ኦቦ ሊቤ ሳቅ አፈናቸው። ወይዘሮ ሙሉዬ ግን አንዱን አይተው ወደ ሌላው እየዞሩ፣ «እንግዲህ ሌላ ማን አለ? ተናገሩ! ወጥ ሠሪዋስ?» አሉ።

አማኑ ፌኔትን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ወሰዳት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባትሄጂ ምን ያደርጉሻል?» አላት።

«የሚያደርጉትን እንጃ። ስሜ ሲጠራ ግን የሚመልስ አይኖርም። ሜዳው ላይ ስሜ ተጠርቶ 'አቤት' የሚል ሲጠፋ ይታየኛል አማኑ። ሲፈርሙ ያየኋቸው፣ አብረውኝ የነበሩት ሁሉ እዚያ ቆመው ይሰማሉ።»

አማኑ ድንኳኑን አየ። አበባውን አየ። ሰበታ ውስጥ የሚጠብቀውን ሌላ ድንኳን፣ የታረደውን በሬ፣ የተጠራውን ሰው አሰበ። ከዚያ ደግሞ ግማሽ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ዓይኗ እንደ እሳት እየበራ የቆመችውን ሴት አየ። እንደዚህ አምራ አይቷት አያውቅም።

«በሉ መኪና ውስጥ ግቡ!» ብሎ ጮኸ። «ሱሉልታ ነን!»

አጃቢው መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ከዚያ አንዱ እልል አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ድንኳን ስር የነበረው ሁሉ ወደ መኪና ሮጠ። ድምፅ ማጉያውን የሚፈትሸው ልጅ እንኳ ማይክራፎኑን እንደያዘ አንዱ ሚኒባስ ላይ ተንጠላጠለ።

የሙሽራዋ መኪና ሹፌር በኪራይ የመጡ፣ ክራባት ያሰሩ፣ ረጋ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ስንት ሙሽራ በቀስታ ሲያንሸራሽር የኖረ ሰው መፍጠን አያውቅም። ገና አስኮ ሳይደርሱ ፌኔት ከኋላ ወንበር፣ ከወይዘሮ ሙሉዬ አጠገብ፣ ትቁነጠነጥ ጀመር።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጨመር ያድርጉት።»

«የሙሽራ መኪና እንዲህ ነው የሚነዳው፣ የኔ ልጅ። ሰው ማየት አለበት።»

ሰዓቷን አየች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዳር ይያዙና ቁልፉን ይስጡኝ። የመኪና አስተማሪ ነኝ።»

ሰውዬው አማኑን አዩት፤ አማኑ ራሱን ነቀነቀ። አጉረምርመው ወረዱና ከወይዘሮ ሙሉዬ አጠገብ ኋላ ተቀመጡ። ፌኔት ቬሎዋን ጠቅልላ ጉልበቷ መሃል ሰበሰበች፣ ወንበሩን አስጠጋች፣ መስታወቱን አስተካከለች፤ ተማሪዎቿን ሁልጊዜ እንደምታዘው ቀበቶዋን አሰረች። መኪናዋ አበባዋን እያርገበገበች ተፈተለከች።

«ጌታዬ ሆይ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉዬ ከኋላ።

ዊንጌትን አልፈው አዲሱ ገበያ ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቷል። አንድ የጭነት መኪና መስቀለኛው ላይ ተበላሽቶ ከሁለቱም አቅጣጫ የመጣው መኪና ተፋጧል። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ ሲሯሯጥ ሙሽራ መሪ ይዛ አየና ቆመ። ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ሰርጉ የት ነው?»

«ሰበታ» አለች ፌኔት።

«በዚህ በኩል ነው እንዴ ሰበታ የሚኬደው?»

«ሱሉልታ ነው የምንሄደው። ተጠርተናል። እስከ ስድስት ሰዓት መድረስ አለብን።»

«ማን ነው ሙሽራን የሚጠራት?»

«ተጠባባቂ ናት!» አሉ ወይዘሮ ሙሉዬ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው። «አሳልፋት፤ ኋላ አልደረሰችም ተብሎ ጉድ እንዳንሆን!»

አማኑ ዞሮ እናቱን አያቸው። እሳቸውም የተናገሩትን አሁን እንደሰሙት ሁሉ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትራፊኩ ትንሽ አሰበና ፊሽካውን ነፍቶ፣ አንዱን መስመር በሁለት እጁ የገፋው ያህል አስቁሞ፣ በቀኙ አሳለፋቸው። የተከተሏቸው አጃቢዎችም በዚያው ክፍተት ሹልክ እያሉ አለፉ።

አቀበቱ ላይ ባሕር ዛፉ በሁለቱም በኩል ጥቅጥቅ ብሎ ቁልቁል ያያቸዋል። ከፊታቸው ሲሚንቶ ጭኖ የሚያቃስት ከባድ መኪና ገጠማቸው። ፌኔት በስተግራ አጮልቃ አየች፤ ተመለሰች። እንደገና አየች፤ ኩርባ ነበርና ተመለሰች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉዬ ከኋላ። «እለፊው እንጂ!»

«ኩርባ ነው እማማ። እስኪያሳይ እንጠብቃለን።»

ኩርባው አለቀ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ታየ፣ ፌኔት ማርሽ ቀንሳ ነዳጅ ሰጠች። መኪናዋ ጮኻ አለፈች። ወይዘሮ ሙሉዬ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ክራባት ያሰሩት ሹፌር ደግሞ ሳያስቡት አጨበጨቡ። ጫፍ ላይ ሲወጡ የሱሉልታ ሜዳ ከፊታቸው ተዘረጋ፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው።

መሰብሰቢያው ከከተማዋ ዳር ያለ፣ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው። የሦስቱ ከተሞች ሰው በየከተማው ተሰልፏል፤ ሰበታ በአንድ ወገን፣ ሱሉልታ በመሃል፣ ቡራዩ በሌላው ወገን። ዩኒፎርም የለበሰ ጥቂት ነው። የባንክ ጥበቃ ከነሰማያዊ ልብሱ አለ፤ ባጃጁን አጥር ስር አቁሞ የገባ አለ፤ ጠመኔ እጁን ያልለቀቀ መምህር አለ፤ ሽርጡን ሳያወልቅ የመጣ ሥጋ ቆራጭ አለ። ዓመት ሙሉ በየመንገዱ ሲተላለፉ የኖሩ ሰዎች አሁን «አንተም ነህ እንዴ!» እየተባባሉ ይተቃቀፋሉ። አንድ የሱሉልታ ሰው ከአከራዩ ጋር ጎን ለጎን ተሰልፎ ሁለቱም ያፍራሉ።

ፌኔት መኪናውን እንዳቆመች ወርዳ ሮጠች። በሩ ላይ ያለው ወጣት ወታደር እጁን ዘረጋ።

«ለቀረጻ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እህቴ።»

«ቀረጻ አይደለም። አስር አለቃ ፌኔት ሊቤ፤ ከቡራዩ።» መታወቂያዋን ከደረቷ አወጣች።

ልጁ መታወቂያውን አየ፣ ቬሎውን አየ፣ እንደገና መታወቂያውን አየ። ከሜዳው መሃል የድምፅ ማጉያው ተሰማ፦

«አስር አለቃ ፌኔት ሊቤ!»

ዝም።

«አስር አለቃ ፌኔት ሊቤ!»

«አቤት!»

ድምፁ ከበሩ ነው የመጣው። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ፌኔት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ በጥቁር ስኒከሯ እየሮጠች ነው፤ መጋረጃዋ ከኋላዋ በነፋሱ ይንሳፈፋል። ከሰልፉ አንዱ አፏጨ፤ ሌላው አጨበጨበ፤ ከዚያ የሦስቱም ከተሞች ሰው በአንድ ላይ ጮኸ። ቡራዩዎች ቦታዋን ከፈቱላት። ገብታ ቆመች፣ ተረከዟን ገጠመች፣ ፊቷን ቀጥ አደረገች። ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ደስታዋ ግን ከፊቷ ላይ አልጠፋም።

አማኑ አጥሩ ጋ ሽቦውን ይዞ ቆሟል። ያቺ ሴት ዛሬ ማታ ሚስቱ ትሆናለች፤ አሁን ግን እሱ በማይገባበት ቦታ፣ እሱ በማያውቃቸው ሰዎች መሃል ቆማለች። ኩራትም ፍርሃትም ቅናትም አንድ ላይ መጡበት።

«አንተስ?» አለው ወጣቱ ወታደር። «አባል ነህ?»

«እኔ ባሏ ነኝ። ማለቴ፣ ገና ልሆን ነው።» ክራባቱን አሸ። «ተጠባባቂ ባል በለኝ።»

ልጁ ሳቁን መያዝ አልቻለም።

ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው መኪና ደረሰ። የህያና ኩምሳ ኦቦ ሊቤን ይዘው ወረዱና ወደ ሰበታ ሰልፍ ሮጡ። ግን ስም የተጠራው በከተሞቹ የፊደል ተራ ነበርና ሰበታ ቀድማ አልቃለች። ስማቸው ተጠርቶ «አቤት» ያለ አልነበረም። የሰበታን ሰልፍ የሚመራው ሰው በእጁ ወደ ዳር፣ የዘገዩት ወደቆሙበት አመለከታቸው። የህያ ከነሚዜ ሱፉ፣ አበባው ኮቱ ላይ እንደተሰካ፣ ከዘገዩት ጋር ቆመ።

የጥሪው ኃላፊ ሻለቃ ኤልቃና ይባላሉ፤ ሽበት ጣል ያደረገባቸው፣ ድምፃቸው የማይጮህ ሰው ናቸው። ማጉያውን ተቀብለው እስኪጸጥ ጠበቁ። ወይዘሮ ሙሉዬ አጥሩ ላይ የአማኑን ክንድ ጨብጠዋል።

«ዛሬ የተጠራችሁት» አሉ ሻለቃው፤ «ጠርተናችሁ ትመጡ እንደሆነ ለማየት ነው። ሙከራ ነው። መጥታችኋል።»

ከሰልፉ የወጣው ድምፅ ሳቅም ነበረበት፣ እፎይታም፣ ብስጭትም። አንዱ «ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት!» አለ። ሌላው እጁን አውጥቶ፣ «አሠሪዬ ዛሬ ቀርተሃል ብሎ ቢያባርረኝስ? ማን ሊያስረዳልኝ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሻለቃው እያንዳንዱን ጥያቄ ሰሙ። ከመመለሳቸው በፊት ግን አንድ ሌላ ድምፅ መጣባቸው። ወይዘሮ ሙሉዬ ወጣቱን ወታደር በክርናቸው አልፈው ሜዳው መሃል ደርሰዋል።

«ሙከራ?» አሉ፤ እንባቸው እየወረደ ነው። «ልቤን ቀጥ አድርገህ ስታበቃ ሙከራ ትለኛለህ?»

ሻለቃው ማጉያውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሙሽራው እናት ነኝ። ዛሬ ወስንልኝ። ልጄ የሚያገባት ወታደር ናት ወይስ ሲቪል?»

ሰልፉ በሙሉ ወደ ሻለቃው ዞረ። ጥያቄው የሁሉም ጥያቄ ነበር። ቤታቸው፣ ሥራ ቦታቸው፣ ሰፈራቸው የሚጠየቁት፣ እነሱም ራሳቸውን የሚጠይቁት።

«ዛሬ ማታ ሲቪል ናት» አሉ ሻለቃ ኤልቃና። «ነገም ትሁን። መኪናዋን ታስተምር፣ ልጅ ትውለድ፣ ከእርስዎም ጋር ትጨቃጨቅ። ስንጠራት ደግሞ ወታደር ናት። ሁለቱንም መሆን ከባድ ነው እናቴ። መደበኛው ወታደር ጓደኞቹ አጠገቡ አሉ፣ ልብሱን የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። እነዚህን ግን ማንም አያውቃቸውም። አንዳንዱ አሠሪ ይረዳል፣ አንዳንዱ አይረዳም፤ እኛም ለእያንዳንዱ እየሄድን እናስረዳለን፣ ሁልጊዜ ግን አይሳካልንም። ይህን ልደብቅዎ አልችልም።»

ወይዘሮ ሙሉዬ ፌኔትን አዩ። ፌኔት አልተንቀሳቀሰችም፤ ዓይኗ ብቻ ወደሳቸው ዞሯል።

«እና እውነተኛው ከመጣ?»

«ከመጣ እሄዳለሁ እማማ» አለች ፌኔት ከሰልፉ ውስጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

አሮጊቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከዋሸሽኝ ነበር የምቀየምሽ» አሉና ወደ ሻለቃው ዞሩ። «በል አሁን ልቀቃት፤ ሰው ይጠብቀናል። ራስህም ና፤ ሰበታ ነው፤ ድንኳኑ ከሩቅ ይታያል።»

ሻለቃ ኤልቃና ከት ብለው ሳቁ። ፌኔትን ከሰልፉ ጠርተው በሰላምታ አሰናበቷት፤ «ለሰርግሽ ብትጠይቂ ፈቃድ እንሰጥሽ ነበር» አሏት።

«አሁንማ ባገኘው አልፈልገውም፣ ሻለቃ» አለችና ሳቀች።

ልትወጣ ስትል ኦቦ ሊቤ እጃቸውን አነሱ። ከሜዳው ዳር፣ ውኃ ከሚያረሰርሰው ቦይ አጠገብ፣ እርጥብ ሣር ነጭተው ይዘዋል። በጥድፊያው ልጃቸው ሳትመረቅ ነበር ከቤት የወጣችው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሳልመርቅሽ የትም አትሄጂም» አሉ።

ወጣቱ ወታደር ሻለቃውን አየ፤ ሻለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አማኑም ወደ ሜዳው እንዲገባ ተፈቀደለት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አንገታቸውን ደፉ። ኦቦ ሊቤ ሣሩን ከሁለቱ ራስ ላይ አድርገው በኦሮምኛ መረቋቸው፤ ቤታቸው እንዲሞላ፣ ልጆቻቸው እንዲበዙ፣ የወጣ በሰላም እንዲመለስ። ለእያንዳንዱ ምርቃት ከኋላቸው የቆመው ሰልፍ በሙሉ፣ የባንክ ጥበቃውም፣ መምህሩም፣ ሥጋ ቆራጩም፣ የሦስቱ ከተሞች ሰው በአንድ ድምፅ «አሜን!» ይላል። ሜዳው ያስተጋባል። ፌኔት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ አማኑም እጇን አጥብቆ ያዘ፣ ደብቆ ዓይኑን ጠረገ።

የህያና ኩምሳ ግን አልተለቀቁም። የዘገየ ሁሉ ድንኳን ሲተክልና ሲነቅል፣ ሜዳውን ሲዞር ሊውል ነው።

«ሚዜዬ ነው!» አለ አማኑ።

«እዚህ አባል ነው» አሉ ሻለቃው። «ማታ ይደርስልሃል።»

ስለዚህ አማኑ ያለ አንደኛ ሚዜ፣ ሰርጉም ያለ ቪዲዮ ወደ ሰበታ ተመለሰ። በመመለሻው መሪውን የያዙት ክራባት ያሰሩት ሹፌር ናቸው፤ አሁን ግን እሳቸውም ትንሽ ፈጠን ይሉ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ወይዘሮ ሙሉዬ ያልተሠራውን የፌኔት ፀጉር በጣታቸው እየለዩ በራሳቸው መንገድ ይጎነጉኑት ጀመር። «አትነቃነቂ» እያሉ ይቆጣሉ። ሰበታ ሲደርሱ የሙሽራዋ ራስ በአንድ በኩል የቡራዩ ፀጉር ቤት፣ በሌላ በኩል የአማቷ ሥራ ነበር። ማንም ሰው ግን እሷን እንጂ ፀጉሯን አላየም፤ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ቆሞ ነው የተቀበላት።

ምግቡ ተበላ፣ ኬኩ ተቆረሰ። ፎቶውን ሰዉ በየስልኩ ያነሳዋል። የሚዜው ወንበር ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ኦቦ ሊቤ ተቀመጡበት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያስነሳቸው አልደፈረም።

ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ አንድ አውቶቡስ በጥሩንባ መንደሩን እየቀሰቀሰ መጣ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወረደው የህያ ነው። ሱፉ ነጭ ነበር ብሎ የሚያምን የለም፤ ከራሱ እስከ እግሩ አቧራ ለብሷል፤ እጁ ተልጧል፤ ፊቱ ግን ይስቃል። ከኋላው ኩምሳ፣ ከኩምሳ ኋላ የሰበታ ሰልፍ በሙሉ፣ መሃላቸውም ዩኒፎርማቸውን የለወጡ ሻለቃ ኤልቃና።

ወይዘሮ ሙሉዬ የመጣውን ሕዝብ አይተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ና ያልኩት አንተን ነበር» አሏቸው ሻለቃውን፤ «አገር ይዘህ ትመጣለህ?» ከዚያ ዘወር ብለው ወደ ወጥ ሠሪዎቹ ጮኹ፦ «ሰፊውን ድስት አውጡት! እንጀራ ጨምሩ! እነዚህ ሲሮጡ ነው የዋሉት!»

የህያ ቀጥታ ወደ አማኑ ሄዶ በአቧራው አቀፈው። አማኑ «ሱፌን!» እያለ ሳቀ እንጂ አልገፋውም። ማይክራፎን የያዘው ልጅ ሙዚቃውን ከፍ አደረገ፤ የባንክ ጥበቃው ሰማያዊ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ፤ ፌኔት በስኒከሯ መሃል ገባች። የመድፈኛው፣ የእግረኛው፣ የመገናኛው ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይጨፍር ጀመር፤ አማኑም የህያን ጎትቶ፣ እናቱን ጎትቶ፣ ወደ መሃሉ ገባ።